ሕብረት የተጻፈችበት ቀለም

በ1987 ዓ.ም. አሶሳ ውስጥ ፋታ ያጣው ማን ነበር ብትሉኝ፣ ሰሌዳ ጸሐፊው ነበር እላችኋለሁ። «ክልል ስድስት» ብሎ የጻፈው ሳይደርቅ «ቤንሻንጉል ጉሙዝ» ጨምርበት ይባላል። ትናንት መምሪያ የነበረው ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ ወንበር ለሌለው ቢሮ ደግሞ ሁለት ኃላፊ ይሾምለታል። ከሰሌዳ ጸሐፊው ቀጥሎ ሥራ የበዛበት ደባልቄ ነበር። አዲሱ የክልል መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ በሽመል የተሠራች ጠረጴዛ አስቀምጦ ማመልከቻ ይጽፋል። መንግሥት ሲለወጥ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማመልከት ስለሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰልፉ አይቋረጥበትም።

የእጅ ጽሕፈቱ የታተመ ይመስላል። የሚጽፈው ግን እንደማንም ሰው በርካሽ የላስቲክ እስክሪብቶ ነው። የሚገርመው፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁልጊዜ ሌላ እስክሪብቶ ሰክቶ ይዞራል፤ ብርማ፣ ከበድ ያለ፣ ጭራውን ሲጫኑት «ጠቅ» የሚል የፈረንጅ ዕቃ። ደንበኞቹ «ለጌጥ ነው እንዴ የያዝከው? በእሱ ጻፍልንና ማመልከቻችን ቶሎ ይታይልን እንጂ» እያሉ ያሾፉበታል። ደባልቄ ቁጡ ሰው አይደለም። በዚህ ጊዜ ግን ፊቱ ይለዋወጣል። «ነጥፏል» ይላል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ሰውየው የደላንታ ተወላጅ ነው። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ከመንደሩ ጎልማሶች አንደኛ ወጥቶ ሸልመውታል። በ1977 ድርቁ ቤቱን ሲያራቁተው፣ ከሚስቱ ከየወርቅውሃና ከስምንት ዓመት ልጁ ከሕብረት ጋር በአንቶኖቭ ተጭኖ አሶሳ ላይ ተራገፈ። ተራገፈ ያልኩት አውቄ ነው፤ ሰው እንደ ጆንያ ነበር የሚወርደው። የሰፈሩበትን አምባ ቁጥር አልነግራችሁም። ያኔ አምባዎቻችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥሩን ከጠራሁ ደግሞ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎች ይቀየሙኛል።

ደባልቄ መጻፍ ስለሚችል የአምባው ጸሐፊ ተደረገ። ሐኪም ቤት ሊከፍት የመጣ አንድ ፈረንጅ፣ ደባልቄ የበሽተኞችን ስም መዝግቦ ስለሰጠው፣ ያን ብርማ እስክሪብቶ ሸለመው። የዚያኑ መንታ ደግሞ ዋናው የሰፈራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሠራ ለነበረው ለዲሳሳ፣ ለወለጋው የመንዲ ሰው ሰጠው። ሁለቱ እስክሪብቶዎች ከአንድ ሣጥን ነው የወጡት። ቀለማቸው ወፈር ያለ፣ ጥቁርና ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ በጣት ቢያሹት የማይለቅ ነበር።

የአምባው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሕዝቡ ሾላው ሥር ይሰለፋል። ካድሬው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል። ደባልቄ ከመዝገቡ ላይ ስም ይጠራል፣ የተጠራው «አለሁ» ይላል፣ ደባልቄ ከስሙ ጎን «አለ» ወይም «አለች» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ስንዴና ዘይት በነፍስ ወከፍ ይታደላል። የታመመ ሰው ካለ ቤተሰቡ «ታሟል፣ አለ» ይልለታል። የሞተ ሰው ካለ ግን የሚጻፈው ቃል ሌላ ነው፤ «ተቀናሽ» ነው የሚባለው። ያን ቃል ማን እንዳመጣው አላውቅም። ያመጣው ሰው ልጅ የነበረው አይመስለኝም።

ያ ክረምት የወባ ክረምት ነበር። የወርቅውሃ ተኝታ አፏ ደርቆ ስትቃዥ፣ አጠገቧ የተኛችው ሕብረት ሐምሌ 19 ቀን፣ በገብርኤል ዕለት ዓርብ፣ ፀሐይ ገና ወደ ቀትር ስትጠጋ ሞተች። ሰው ሁሉ የጋራ እርሻ ላይ ነበር። ደባልቄ ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ከአምባው ጀርባ ካለ ኩይሳ ሥር ብቻውን ቆፍሮ ቀበራት። አላለቀሰም። አልቅሶ ቢሆን ኖሮ ሰው ይሰማ ነበር፤ ሰው ከሰማ ካድሬው ይሰማል፤ ካድሬው ከሰማ የሕብረት ስንዴ ይቀራል። የሚስቱ ነፍስ ደግሞ ያን ጊዜ የቀረችው በዚያች እፍኝ ስንዴ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስሟን ጠራ። «ታማለች፣ አለች» ብሎ ለራሱ መለሰና ጻፈ። ከሚታደለው ዘይት ጠብታ ፈንጥቆ በስሟ መስመር ላይ ወደቀና ወረቀቱ ጠጣው።

የወርቅውሃ በልጇ ስንዴ ዳነች። ስትነሣ ነገሩን ነገራት። ሴትየዋ አፏን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች እንጂ ድምፅ አላወጣችም። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ስሟ ሲጠራ «አለች» የምትለው እናቷ ሆነች። ለቅሶ የለ፣ አርባ የለ፣ ተዝካር የለ። ስለ ሕብረት የሚጠይቅ ሲመጣ «ሲያማት ሰነበተች፣ ከቤት አትወጣም» ይባላል። አምባው ትንሽ ነው፤ ሰውም ጠይቆ አይጠግብም የሚባል ነበር። ስለዚች ልጅ ግን ከሁለት ወር በኋላ የሚጠይቅ ጠፋ።

በ1978 ጥቅምት ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ደባልቄ «ሕብረት ደባልቄ!» ብሎ ጠራ። የወርቅውሃ አፏን ከፈተች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ፣ ከሰልፉ ጀርባ፣ «አለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ፀሐይ ጠራርታ ወጥታለች። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ወደ ኋላ የዞረ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እግር እግሩን አየ። ካድሬው አዛጋና «ቀጥል» አለ። ደባልቄ ጻፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ መመለስ አላስፈለጋትም። በየሳምንቱ ስሟ ይጠራል፣ ድምፁ «አለሁ» ይላል፣ እሱ «አለች» ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ ከጎረቤት ሴቶች አንዷ ለየወርቅውሃ አዝና የምታደርገው መስሎት በልቡ መረቃት። ግን ማን እንደሆነች አልጠየቀም። መጠየቅ ማለት መናዘዝ ነዋ! ዓመታት አለፉ፤ የሌሎቹ ልጆች ድምፅ ጎረነነ፣ ወፈረ። ያ ድምፅ ግን የስምንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ቀረ።

በ1983 ግንቦት ላይ ደርግ ሲወድቅ የመጨረሻው ስም ጥሪ ተደረገ። የሕብረት መስመር ላይ ደርሶ «አለች» ሊጽፍ ሲል እስክሪብቶው ነጠፈ። የመጨረሻዋ ፊደል ቀለም የላትም፤ ወረቀቱ ላይ የተጫነበት ስርጉድ ብቻ ቀረ። ካድሬው በማግስቱ የት እንደገባ አልታወቀም። መዝገቡን ግን የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ደባልቄ ቤቱ አስገብቶ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ስም ጥሪው ቀረ። ድምፁ አልቀረም።

ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የወርቅውሃ ደጅ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል፣ ከሽመሉ አጥር ማዶ «አለሁ» ይላል። ደባልቄ አሶሳ ሥራ ላይ ስለሚሆን አይሰማም፣ ወይም እንዳይሰማ ነው አሶሳ የሚውለው። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። በ1987 ጥር ወር ግን አንድ ሐሙስ ቤት ዋለ። ምሳሩን እየሳለ ነበር። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ይጭራሉ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከክንድ በማይርቅ ቦታ፣ «አለሁ» ሲል ሰማ። ዶሮዎቹ ጭረታቸውን አቆሙ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «አለሁ» አለ፤ መልሷን ያልሰሙላት መስሏት ድምፅዋን ከፍ እንዳደረገች ልጅ። ደባልቄ ምሳሩን ጥሎ በአጥሩ ዙሪያ ሮጠ። ማዶ የነበረው የረገፈ የማሽላ አገዳ ብቻ ነው።

ሲመለስ የወርቅውሃ እንዝርቷን አስቀምጣ ታየዋለች።

«አሁንስ ሰማህ?» አለችው።

«ሰማሁ።»

«አየ ልጀን! ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰልፍ ላይ ቆማለች። እግሯ አልዛለም ትላለህ? ሰው ሲሞት ተለቅሶለት፣ ሂድ ተብሎ ነው የሚሄድ። እሷን ማን ሂጅ አላት? አንተ አለች አለች እያልክ ጻፍክ፣ እኔ ስንዴዋን በላሁ። በል አሰናብታት እንጅ።»

ጊዜውም የሚያስታግስ አልነበረም። በዚያው ሳምንት አዲሱ ክልል ለነዋሪ መታወቂያ ሊሰጥ መሆኑ ተነገረ። የየአምባው የድሮ መዝገብ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ይሰበሰባል፤ መዝገብ ላይ «አለ» የተባለና ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ ተጠርቶ መታወቂያ ይወስዳል። ሕብረት በ1969 ነው የተወለደችው። ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል ማለት ነው። መዝገቡ እንዳለ ከተሰጠ ልጅቷ ወደ አዲሱ መንግሥት መዝገብ ተሻግራ እንደገና ልትሰለፍ ነው። 

ደባልቄ ወሬውን በሰማ ቀን መዝገቡን ከፍቶ በሥራ እስክሪብቶው ሊጽፍ ሞከረ። እስክሪብቶው ከመስመሩ በላይ ይጽፋል፣ ከመስመሩ በታች ይጽፋል፣ ዘይት የጠጣው የሕብረት መስመር ላይ ግን ይንሸራተታል እንጂ ጭረት አይተውም። ሌላ አምጥቶ ሞከረ። ያም እንደዚያው ሆነ። የወርቅውሃ ከኋላው ቆማ ስታየው ቆየችና፣

«በዚያ በርካሹ ነው ልጀን የምትቀብራት? እሷን ሰልፍ ላይ ባቆምክበት ዕቃ አሰናብታት» አለችው።

ለብርማው እስክሪብቶ ቀለም ማግኘት እንግዲህ ከዚህ ጀመረ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። እስክሪብቶው ሲፈታ ውስጡ ያለው የቀለም ቀሰም ከገበያው ቀሰም ጋር አይገናኝም። የገበያው ላስቲክ፣ ቀጭንና ረጅም ነው። ይኸኛው ወፍራም ብረት፣ አጠር ያለ፣ ጭራው ላይ እንደ ማርሽ ጥርስ ያለው ነው። ያ ጥርስ ከሌለ «ጠቅ» ብሎ አይቆምም።

ደባልቄ ወደ ዓብዱልባሲጥ ሱቅ ሄደ። ዓብዱልባሲጥ የበርታ ተወላጅ ነው፤ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ በኩል ሳሙና፣ ሰዓትና ራዲዮ ያመጣል፣ ሲበላሽም ራሱ ይጠግናል። ከኩርሙክ የማይመጣ ዕቃ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እስክሪብቶውን ፈትቶ፣ አገላብጦ፣ አሽትቶ ሁሉ አየው።

«ወላሂ ያ ደባልቄ፣ ይሄ ዕቃ ኮይስ ነው፣ ደህና ነው። ሞቷል ማን አለ? ቀለም ብቻ ነው የጎደለው» አለ።

የመጀመሪያው ቀሰም ረዘመ። በምላጭ ቆርጦ አሳጠረው፤ ቀለሙ እጁ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ቀጠነ። ወረቀት ጠቅልሎ አወፈረው፤ ሲጽፉበት ጫፉ ወደ ውስጥ ሸሸ። ዓብዱልባሲጥ እልህ ያዘው፣ ለካርቱም ነጋዴዎች ላከ። በሁለት ሳምንቱ አንድ ወፍራም የብረት ቀሰም መጣለት። ጭራው ጥርስ አልነበረውም፤ በክብሪት እንጨት አስጨንቆ አቆመው። ካርቶን ላይ ሲሞክረው ጥሩ አድርጎ ጻፈ። ሁለቱም ሳቁ። ደባልቄ ከሳቀ ስንት ጊዜው ነበር! ያን ቀን የልቡን ሁሉ፣ የልጁንም ነገር፣ ለዓብዱልባሲጥ ነገረው። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማውና «አላህ ይርሐመው ያ ልጅ» አለ።

መዝገቡን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ደባልቄ የሕብረት መስመር ላይ አስጠግቶ «ዐርፋለች» ሊል ጀመረ። ቀለም የለም። ወረቀቱ ተሰረጎደ እንጂ አልጻፈም።

«መዝገብ ዘይት ጠጥቷል። ዘይት ቀለም አይወድም። ስጠኝ፣ ጫን አድርግ» አለ ዓብዱልባሲጥ። ራሱ ተቀብሎ ጫን አድርጎ ሞከረ። አልጻፈም። ሌላ መስመር ላይ ጫረው፣ ጻፈ። ተመልሶ መጣ፣ እምቢ አለ። ከዚያ ነገሩን ለማጣራት ብሎ፣ ከላይ ካሉት ቃላት አንዱን እያየ፣ በዚያው ዘይት በጠጣ መስመር ላይ «አለች» ብሎ ገለበጠ። ቀለሙ ወፍሮ፣ ደምቆ ወጣ።

ዓብዱልባሲጥ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከንፈሩ «ቢስሚላሂ» እያለ ይንቀሳቀሳል። የተጻፈውን ቃል ትኩር ብሎ አየ፤ ከዚያ መዝገቡን በጣቱ ጫፍ ከደነው።

«ያ ደባልቄ፣ አትቀየመኝ። እኔ ልጆች አሉኝ። ይሄ ደብተር ከሱቅ ይውጣ» አለ። ክብሪቱን ነቅሎ ቀሰሙን ካወጣው በኋላ፣ ባዶውን ብርማ ቀፎ በሁለት እጁ ሰጠው። «ከካርቱም ኸላስ፣ አበቃ። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ብቻውን አይወለድም። ወንድም ካለው፣ ከወንድሙ ጠይቅ።»

ደባልቄ ዲሳሳን ያሰበው ያን ጊዜ ነው። ዲሳሳ ከሥራ ከወጣ ቆይቷል፤ ባምባሲ ከልጁ ቤት እንደሚኖር ይሰማል። በማግስቱ ማሽላ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ሽማግሌውን ደጅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘው።

«ኦቦ ደባልቄ! ዋቃ ነው ያመጣህ። ና ተቀመጥ» አለው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ደባልቄ ባዶውን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። ዲሳሳ አየው፣ ፊቱም ዳመነ። ወደ ቤት ገብቶ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ወጣ። በጨርቅ የተጠቀለለው መንታው ከውስጡ ወጣ፤ ያ ፈረንጅ የሰጠ ዕለት እንደነበረው፣ አንድ ጭረት የለበትም።

«አልጻፍክበትም?» አለ ደባልቄ።

«አንድ ቀን ብቻ። በዚያ ክረምት የሁሉም አምባ የሳምንቱ ተቀናሽ ተጠቃሎ ለበላይ አካል ይላክ ተባለ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አርባ አንድ ሰው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ ልጽፍበት አልቻልኩም፣ ዘጋሁት።» ሽማግሌው ጨርቁን እያጠፈ እየዘረጋ ቆየ። «አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። አርባ አንደኛውን ጽፌ ስጨርስ፣ እጄ ከታች አርባ ሁለት ብሎ ቁጥር ጻፈ። ስም የለም። የመጡትን ወረቀቶች ሁሉ ደግሜ አየሁ፣ ስም የለም። ባዶውን ልኬዋለሁ። ማን ነው የቀረው እያልኩ ዐሥር ዓመት ጸለይኩ።»

ደባልቄ ወደ እሱ ጠጋ አለ። «መቼ ነበር የጻፍከው?»

«ሐምሌ ገብርኤል። ዓርብ። እኩለ ቀን አልሆነም ነበር።»

ደባልቄ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና የሕብረትን ነገር ነገረው። ዲሳሳ «ያ ዋቃዮ! ያ ዋቃዮ!» ከማለት በቀር አላቋረጠውም። ታሪኩ ሲያልቅ መንታውን ፈታ። ወፍራሙ የብረት ቀሰም፣ ጥርሱ እንዳለ፣ መዳፉ ላይ ወደቀ።

«ውሰድ። ይኸ ቀለም ከሞተ ሰው ስም በቀር ምንም ጽፎ አያውቅም» አለው። «ወደ እኔም አትመልሰው።»

የየካቲት የመጨረሻው ሐሙስ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ደባልቄ ግቢው መካከል ጠረጴዛ አውጥቶ መዝገቡን ከፈተ። ቀሰሙን ብርማው ቀፎ ውስጥ ሲከተው ያለ አንዳች ትግል ገባ። ጭራውን ተጫነው፣ «ጠቅ» ብሎ ቆመ። ሊጽፍ ሲያጎነብስ የወርቅውሃ ክንዱን ያዘችው።

«አስቀድመህ ጥራት» አለችው። «ሳትጠራት እንዳትጽፍ። ሰማሁ ብላ ትሂድ።»

ደባልቄ ቆመ። ሾላው ሥር እንደሚጠራው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሕብረት ደባልቄ!» አለ።

«አለሁ» አለ ከአጥሩ ማዶ።

ሁለቱም ሰሙ። ደስ ያላት ልጅ ድምፅ ነበር። ደባልቄ እንባው መዝገቡ ላይ እየወረደ አጎነበሰና፣ «ተቀናሽ» የሚለውን ቃል ትቶ፣ «ሐምሌ 19 ቀን 1977 ዓ.ም. ዐርፋለች» ብሎ ጻፈ። ቀለሙ ዘይቱን አላወቀውም። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሳይቆራረጥ ወጣ።

የወርቅውሃ ያን ጊዜ እሪ አለች። ዐሥር ዓመት የተዋጠ ለቅሶ እንዴት እንደሚወጣ መስማት ለጠላት አይስጥ። ደረቷን እየደቃች «ልጀን! ሕብረትየን! በስንዴሽ የኖርኩት እናትሽ!» ትላለች። አምባው ተደናገጠ። ከየቤቱ ሰው ሮጦ መጣ። «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። «ሕብረት!» አላቸው ደባልቄ።

መቼ ብሎ የጠየቀ የለም። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው መጡ። ከጎን ቤት ያለችው ባልቴት የለበሰችው ነጠላ፣ አጥፋ ከማስቀመጧ ብዛት እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። የወርቅውሃን አቅፋ፣ «አብሽሪ እናቴ። ይችን ለሕብረት ብየ ነው ያኖርኳት። እስክትነግሩን ስንጠብቅ ነው የኖርነው» አለቻት። አምባው በሙሉ ያውቅ ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ አውቆ ዝም ብሏል። ደባልቄ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ወደ ሴቶቹ ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «ያን ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ስሟ ሲጠራ አለሁ እያለች የመለሰችልን ከእናንተ ማን ናት? ትነሣና እግሯን ልሳማት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተነሣ አልነበረም። ባልቴቷ የነጠላዋን ጫፍ ታሻሻለች።

«አያ ደባልቄ፣ ምን ማለትህ ነው?» አለች በመጨረሻ። «እኛ እኮ የወርቅውሃ ድምፅዋን አቅጥና የምትል መስሎን ነው እንዳታፍር ብለን ያልዞርነው።»



መዝገቡ በማግስቱ ተሰጠ። የመንግሥት ሥራ ግን ታውቁት የለ! አዲሱ ቢሮ ቀድሞ ከዋናው ጽሕፈት ቤት የተገኘ የድሮ ግልባጭ በእጁ ነበረውና፣ መጋቢት ላይ መታወቂያ ሲታደል ሰው የተጠራው ከዚያ ነው። ቀኑ ሐሙስ ሆነ። ቦታው ያው ሾላ ሥር። አንድ ወጣት ሠራተኛ በርካሽ የላስቲክ እስክሪብቶ እየጫረ ስም ይጠራል፣ ሰዉ አለሁ እያለ ይወጣል። ደባልቄና የወርቅውሃ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ሕብረት ደባልቄ!» አለ ሠራተኛው።

ሰልፉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ደባልቄ ይህን ዝምታ ስንት ዓመት ተመኝቶት ነበር። አሁን ግን፣ ሳያውቀው፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዘንብሎ ጆሮውን ሰጠ። የወርቅውሃ ክንዱን ጨምድዳ ይዛዋለች።

«ሕብረት ደባልቄ!»

ከማሽላው ማሳ በኩል ነፋስ መጣና አለፈ። ሌላ ነገር አልተሰማም።

«ሕብረት ደባልቄ! የለችም እንዴ?»

የወርቅውሃ አፏ ተከፈተ። በዚያ አፍ ላይ የድሮው ቃል እንደመጣ ደባልቄ አየ፤ ቃሉን እንድትለውም ለአንድ አፍታ ከልቡ ተመኘ። ሴትየዋ ግን አፏን መልሳ ዘጋች። እንባዋ አገጯ ላይ ወርዷል።

«የለችም» አለ ደባልቄ። ያን ቃል ስለ ልጁ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ሠራተኛው አንድ መስመር አሰመረና ቀጣዩን ስም ጠራ።